የሰፊው ሰፈር

ባሌ ስለ ቤት ያጠናል፤ እኛ ግን ቤት የለንም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እኔም እስቅ ነበር። የምንኖረው በኪራይ፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። አንደኛው ክፍል የእኔ፣ የዶክተሩ፣ የፍሪጁና የመጻሕፍቱ ነው። መጻሕፍቱ አልጋ ሥር ገብተው ገብተው አልጋውን ከፍ ስላደረጉት፣ ለመተኛት እንደ በቅሎ መፈናጠጥ ይጠይቃል። ሁለተኛው ክፍል ቀን ሳሎን ነው፤ ሲመሽ የሁለቱ ሴት ልጆቻችንና የአማቴ መኝታ ይሆናል። ወጥ ቤቱን ከጎረቤት ጋር ስለምንጋራ ድስቴን የምጥደው ተራ ጠብቄ ነው። ባሌን በሬዲዮ «የቤት ጉዳይ ሊቅ» ብለው ሲያቀርቡት እኔ የማዳምጠው ያንኑ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር።

«ዶክተሩ» የምለው ለማሾፍ ብቻ አይደለም። እናቱም፣ ባለሱቁም፣ አከራያችንም እንደዚያው ነው የሚሉት። ጥሩ ሰው ነው። መዋሸት አይችልበትም፤ ሊሞክር እንኳ ጆሮው ይቀላል። ችግሩ ስለ ቤት ሲያስብ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው አለማየቱ ነው። የሚጽፈው በልብስ መተኮሻዬ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፣ እሱ መጽሐፍ ሲጀምር የእኛ ልብስ ሳይተኮስ ይከርማል።

ዩኒቨርሲቲው ለሙሉ ፕሮፌሰሮች ቤት ይሰጣል። ከግቢው ጀርባ አዲስ እያሠራ ነው፤ ሦስት መኝታ ቤት፣ በር ያለው ወጥ ቤት። አጥሩ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ውስጥ አንዲት ሴትዮ ደጃፏ ላይ ቆማ ትስቃለች። ባለፍኩ ቁጥር እቆምና አያታለሁ። ነገር ማድበስበስ አልወድም፤ ለእሱ ፕሮፌሰርነቱ ክብር ነው፣ ለእኔ ወጥ ቤት ነው። ለአማቴም የራሷ ክፍል ነው። «ከመሞቴ በፊት አንድ በር ከውስጥ ብዘጋ ምን አለበት» ትላለች።

ለፕሮፌሰርነቱ የቀረው አንድ ነገር ነበር። ያጠናው ሰፈር ድረስ ሄዶ፣ በገምጋሚ ኮሚቴውና በነዋሪዎቹ ፊት ንግግር ማድረግ። ኮሚቴው ከወደደ ቁልፉ ይሰጠናል፤ ካልወደደ ደግሞ እኔ ወደ ተራዬ እመለሳለሁ።

ሰፈሩን ላስረዳ፤ ካላስረዳሁ የሚመጣው አይገባም። ዶክተሩ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው ባሕር ማዶ ተቀምጦ ነው። መጠይቅ ላከ፤ እዚህ የተቀጠሩ ሰዎች ቤት ለቤት ዞረው የነዋሪውን መልስ እየጻፉ ላኩለት። ሰፈራችሁን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ ለሚለው ጥያቄ ሁሉም የመለሰው አንድ ነው፤ «የሰፊው ሰፈር»። ቤቶቹ አልጋና ምድጃ አብረው የማያስገቡ ናቸው። ዶክተሩ በዚያ ብርድ አገር ይህን ሲያነብ እንባው እንደመጣ ራሱ ነግሮኛል። እንዲህ ተጣበው እየኖሩ ሰፈራቸውን በሰፊው ሕዝብ፣ በስፋት ሰየሙት አለ። ከዚያ «ሰፊነት» የሚባል ንድፈ ሐሳብ አወጣ፤ መጽሐፍም አሳተመበት። የሰፈር ሰው ማንነቱ የሚገኘው በክፍሉ ስፋት አይደለም፣ በጋራው ቦታ ስፋት ነው የሚል ነው። የቤቶች ባለሥልጣን ይህን ሲሰማ ልቡ በራ። ክፍሉ ቢጠብ ማንነቱ አይጠብማ። ከዚያ ወዲህ በሚሠራው ሕንፃ ሁሉ ክፍሉ እያነሰ፣ አደባባዩ እየሰፋ ሄደ። ባሌም በየአገሩ እየተጋበዘ ስለ ሰፊነት ይናገራል፤ ሲመለስ አልጋው ላይ ይፈናጠጣል።

ለንግግሩ ካባ ያስፈልገው ነበር። የተዋሰው ከዲኑ ሲሆን፣ ዲኑ ደግሞ ቀውላላ ነው፤ ዶክተሩ ሲለብሰው ካባው ቀድሞት ነው ወለሉን የሚጠርገው። ዲኑም «ለእኔ ሌላ አለኝ፣ ቁረጡት» አለ። እኔና አማቴ፣ ንግግሩ የሚደረግበትንም ቦታ እንይ ብለን፣ ካባውን በላስቲክ ይዘን ወደዚያ ሰፈር ሄድን። እስከዚያን ቀን ድረስ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ስሙንም የማውቀው ከባሌ አፍ ነው።

ሚኒባሱ ሲደርስ ረዳቱ «ሰፊው ጋ ወራጅ» አለ፤ ፊዋን ሳይጫናት፣ እንዲሁ ለቀቅ አድርጎ። የረዳት አፍ ነው፣ ቃል ይበላል አልኩና ወረድን። አደባባዩ ልክ ባሌ እንደሚለው ሰፊ ነው፤ ድንጋይ ተነጥፎበታል፣ ፀሐዩ ላይ ማንም የለም። ዙሪያውን አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ቆመዋል። ክፍሎቹ ያልበቋቸው ቁም ሣጥኖች ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ ሰው ቁም ሣጥኑን ከፍቶ እዚያው በመንገደኛ ፊት ሸሚዝ ይመርጣል።

አንድ ፀጉር አስተካካይ ደጁ ላይ ተቀምጦ አየሁ። ወፍራም፣ ወሬ የጠማው ዓይነት ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ አካባቢ ልብስ ሰፊ ይኖር ይሆን?» አልኩት።

«በሰፊው ሰፈር ቆመሽ ሰፊ ትጠይቂያለሽ?» አለና ሳቀ። አሁንም ፊዋን ለቀቃት፤ ሁለቱንም ጊዜ።

የአማቴ ጆሮ እንኳን ቃል ኮሽታም አያመልጠው። «እንዴት አልከኝ? የማን ሰፈር?» አለችው።

«የሰፊው ነዋ፣ እናቴ። የልብስ ሰፊው። ይሄ ሁሉ ሜዳ ሳለ የስፌት መኪናውን ይዞ መጀመሪያ የተቀመጠ እሱ ነው። የት ነህ? ከሰፊው ጎን። የት ነሽ? ከሰፊው ጀርባ። እንዲህ እንዲህ እያለ የሰፊው ሰፈር ሆኖ ቀረ። እኔን ራሴን የክርስትና ልብሴን የሰፋልኝ እሱ ነው ይሉኛል።»

ያኔ ገባኝ። ሁለቱ ቃላት በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ሰፊ፤ ሲጠብቅ ከስፋት፣ ሲላላ ከስፌት ይወለዳል። ፊደላችን ሁለቱንም እኩል ነው የሚጽፋቸው፤ ማጥበቁንና ማላላቱን ለአንባቢው ጆሮ ትቶታል። የባሌ ጆሮ ግን ያኔ ባሕር ማዶ ነበር።

«ታዲያ አጥብቀው ሰፊው የሚሉትስ?» አልኩት።

«ያማ ዶክተሩ ነው» አለ። «እንግዶች ይዞ መጥቶ አጥብቆ ሲጠራ ጊዜ፣ ውጭ አገር ብዙ ከርሞ ብርዱ ምላሱን ጨምድዶት ነው አልን። የተማረ ሰው ደግሞ አይታረም። በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ መጣና ‹ሰፊው ሰፈር› የሚል ታፔላ ተከለ፣ ድንጋይ አነጠፈ፣ መብራት አስገባ። ለመብራት ብለን ጠብቆም ይጠራ አልን። አሁን እንግዳ ሲመጣ እናጠብቃለን፣ እርስ በርሳችን እናላላለን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዶክተሩ በቅርቡ እዚህ ንግግር አለው፤ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ሊፍቱን ያስጨርሱልናል ተብለናል። እባካችሁ ሰው ከጠየቃችሁ አጥብቁ» አለን።

አሁን ያለውን ልብስ ሰፊ አሳየን፤ ከአንድ ደረጃ ሥር የተወሸቀ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ካባውን ዘርግቶ «ይሄ የማነው?» ሲል አማቴ ቀደመችኝ።

«የልጄ ነው። ዳኛ ነው» አለች፤ የዶክተሩ ሰዎች መሆናችን እንዳይታወቅ።

ሐሙስ ይደርሳል አለን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከጆሮዬ ሥር ሆና፣ «ስሚ ልጄ» አለችኝ። «አፍሽን ያዥ። ቤቱ እንግባ፣ ዕቃው ይግባ፣ በሩን ዘግቼ አንድ ሌሊት ልተኛበት። ከዚያ ቀስ ብለን እንነግረዋለን።» ምክሯ ከልቤ ገባ። እውነቱን ለመናገር፣ ባትመክረኝም ከልቤ ውስጥ ነበር።

በነጋታው እሑድ ምሳ በልተን እንዳበቃን ዶክተሩ ንግግሩን እንስማለት ብሎ ተነሣ። ልጆቹ ወጥተው ነበር። እኔ ሳህን አነሣለሁ፤ አማቴ ውኃ ትጠጣለች። ባሌ ጉሮሮውን ጠረገና ከአንዲት አሮጊት መልስ የወሰዳትን፣ መጽሐፉ መግቢያ ላይ በጉልህ የታተመችውን አንድ ዐረፍተ ነገር በሐዘን ድምፅ አነበበ።

«‹ሰፊው ሲሞት ሰፈሩም አብሮ ሞተ።›»

ውኃው ከአማቴ አፍንጫ ወጣ። አፍሽን ያዥ ያለችኝ ሴት አፏንም አፍንጫዋንም መያዝ አቃታት። ሳል ነው ብዬ ጀርባዋን ብመታ፣ እሷ እቴ፤ ትንፋሽ ባገኘች ቁጥር «ነፍሱን ይማረው» እያለች ትስቃለች።

«ማንን ነው የሚምረው?» አለ ዶክተሩ።

«ሰፊውን» አለችው፤ አላልታ። እሱ ግን አልገባውም። ወደ እኔ ዞረ። የባሌ ዓይን የዋህ ነው፤ ያን ዓይን እያየሁ ዝም ማለት ሳይሆንልኝ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ያለውን ሁሉ ነገርኩት፤ ብርዱንም፣ መብራቱንም፣ ሊፍቱንም።

ወዲያው አላመነም። መጽሐፉን አውርዶ የነዋሪውን ቃል እያወጣ፣ ፊዋን እያላላ ያነብ ጀመር። «ሰፊው ሁላችንንም ለክቶናል» የምትል አለች፤ እሱ ሕዝብ ግለሰብን እንዴት እንደሚመዝን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፎባታል። «ሰፊው የማያውቀው ገላ አልነበረም» የምትለው በሰፈር ውስጥ ምሥጢር አለመኖሩን ታስረዳ ነበር። «ሰፊው ቀጠሮ አያከብርም» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። በእሷ ላይ ተመሥርቶ ሰፊው ሕዝብ ስለ ጊዜ ያለውን ፍልስፍና ተንትኗል፤ ሦስት አገር ተጋብዞ አቅርቦታል።

«ልብስ ሰፊ ቀጠሮ እንደማያከብር ሕፃን ያውቃል» አለ ቀስ ብሎ። ጆሮው ሳይሆን ፊቱ ነው አመድ የመሰለው። የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ቀረ። አሳዘነኝ። የዕድሜውን እኩሌታ የሰጠው ለአንዲት ፊ ነው፤ እሷም ከድታዋለች።

አማቴ ሳቋ ጠፍቶ፣ «ልጄ፣ ምን ቸገረህ፤ እነሱ እንደሆነ ተስማምተውበታል። አጥብቀህ ተናገርና ና» አለችው።

«አልችልም እማዬ። እዚያው ቆሜ እነግራቸዋለሁ።»

«ቤቱስ?» አልኩት።

«በውሸት ቤት እንዴት እንገባለን?»

«በእውነት ኪራይ ቤት የገባነው ይበቃናል» አልኩ። ሳህኖቹን ይዤ ወጣሁና ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ጎረቤቴ ሽንኩርቷን እስክታቁላላ ቆሜ አለቀስኩ። ሽንኩርቱም ረዳኝ። እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ላንቀው ፈልጌ አላውቅም።

ሐሙስ ካባው አልደረሰም። ዓርብም አልደረሰም። በንግግሩ ቀን፣ ሰዉ የሰፈሩን አዳራሽ ሞልቶ ኮሚቴው ከተቀመጠ በኋላ፣ ልብስ ሰፊው በጓሮ በር እያለከለከ ይዞት ገባ። ዶክተሩ ሲለብሰው ጉልበቱ ላይ ቀረ። «ዳኛ ነው ስላላችሁኝ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ሲሮጥ እንዳያደናቅፈው ብዬ ነው» አለን ሰፊው። ባሌ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ባቱን እያሳየ መድረኩ ላይ ወጣ።

ከፊት ወንበር ከተቀመጠችው ከኮሚቴው ሰብሳቢ፣ መነጽር በአፍንጫዋ ጫፍ ካንጠለጠለች አንጋፋ ፕሮፌሰር ኋላ ተቀምጠናል። አማቴ እጄን ይዛለች። የሥዕሏን ሴትዮ አሰብኳት፤ ደህና ሁኚ አልኳት በልቤ።

ዶክተሩ ያዘጋጀውን ወረቀት አጠፈው። «እኔ ይህን ሰፈር ሳጠና አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ» አለ። «ፊን አጥብቄ አንብቤያለሁ። የሰፊው የሚለው ስለ ሕዝብም፣ ስለ ስፋትም አይደለም። ሰፊው አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ስፋት ይበቃናል ያለኝ ሰው የለም። ክፍሎቹ የጠበቡት በእኔ የንባብ ጉድለት ነውና፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ተነሣ።

«ክቡራን እንግዶች፣ ዶክተሩ ደክሞታል» አለ። «እኛ ሰፊዎች ነን። አባቶቻችንም ሰፊዎች ነበሩ። ልጆቻችንም፣ ሊፍቱ ካለቀ፣ ሰፊዎች ይሆናሉ።» ፊዋን እንደ ምስማር አጠበቃት። ሰዉ አጨበጨበ።

ከወደ ኋላ አንዲት አሮጊት ብድግ አሉ። «ምን የምትቀባጥር ነህ? ሰፊውማ አባቴ ነው» አሉ፤ አላልተው።

«እትዬ፣ ይቀመጡ፤ ሊፍቱን አስቡት» አሏቸው ከግራ ከቀኝ።

«ሊፍቱ ብሎ አባቴን ያሰፋል?» አሉ። ሁለቱም ወገን ተነሣ። ግማሹ ያጠብቃል፣ ግማሹ ያላላል፤ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ተለያዩ። ዶክተሩ መሐል ቆሞ «እሳቸው ናቸው ትክክል፤ እሳቸውን ስሟቸው» ይላል፤ የሚሰማው የለም። የኮሚቴው አባላት እስክሪብቷቸው እስኪግል ይጽፋሉ። ሰብሳቢዋ ወደ ጎኗ ዘንበል ብላ፣ «ማንነት ማለት ይኸው ነው፤ እንዲህ በዓይን አይቼው አላውቅም» ስትል ሰማኋት።

ፕሮፌሰርነቱ ጸደቀ። ደብዳቤው ባሌ «የጥብቀትና የልላት ንድፈ ሐሳብ» ስላፈለቀና ሆን ብሎ የራሱን ሥራ በነዋሪው ፊት ለሙግት ስላቀረበ ያመሰግነዋል። ሰብሳቢዋ ቢሮ ድረስ ሄዶ «ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ ተሳስቼ ነው» አላት። ትሕትናውን አደነቀችለት። ቤት ሲመጣ ከፍቶት ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲሳሳት ያመኑት ሰዎች፣ አንድ ቀን እውነት ቢናገር አላመኑትም። እኔም አዘንኩለት። ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ እያዘንኩ ዕቃ በካርቶን እከት ነበር።

ቁልፉን የተቀበልን ዕለት መግቢያው ላይ የተለጠፈችውን የነሐስ ሰሌዳ መጀመሪያ ያነበበችው ትልቋ ልጄ ናት። «በሰፊነት መርህ የታነጸ» ትላለች። የዩኒቨርሲቲው ግንባታ ክፍል የባሌን መጽሐፍ ለመሐንዲሶቹ ሁሉ አድሎ ነበር፤ ያኔ ይህን ሲነግረኝ ደስ ብሎት እንደነበር ትዝ አለኝ።

ሦስት መኝታ ቤት አለው፤ አልዋሹንም። የእኛ ክፍል በር አልጋውን ነክቶ ስለሚቆም የምንገባው በጎን ነው። ወጥ ቤቱም በር አለው። በሩ ሲዘጋ እኔ ውጭ ነኝ፣ እኔ ስገባ በሩ አይዘጋም። መጻሕፍቱ አሁንም አልጋ ሥር ናቸው፣ ጣሪያው ግን ዝቅ ስላለ የምንፈናጠጠው አንገታችንን ሰብረን ነው። አማቴ በሯን ከውስጥ ዘጋች፤ መዝጋቱንስ ዘጋች፣ ግን ጉልበቷን ማጠፊያ ስላጣች ተመልሳ ከፈተችው። ከመስኮታችን ውጭ ደግሞ ኳስ ሜዳ የሚያህል፣ አንዲት ዛፍ የሌለው የጋራ ግቢ ተንጣሏል። ዶክተሩ የመጀመሪያውን ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆሞ ግቢውን ሲያይ አማቴ ከኋላው መጣችና፣ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብላው አለፈች።

አሁን የምትውለው ያ ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ተማሪ መጠይቅ ይዛ መጣች፤ የባሌ ትምህርት ክፍል ተማሪ ናት፣ የምታጠናው የአዳዲስ ቤቶች ነዋሪዎችን እርካታ ነው። እኔ ልብስ አሰጣለሁ፤ ዶክተሩ አጠገባችን ጋዜጣ ያነባል።

«እማማ፣ ቤቱን በአንድ ቃል እንዴት ይገልጹታል?» አለቻት።

«ይሄ ቤት ሰፊ ነው የሚያሻው» አለች አማቴ። በሁለት እጇ የቀሚስ ጎን ተርትሮ መልቀቅን አሳየቻት። «ሰፊ። ጎኑን ፈትቶ የሚለቅልን።»

ተማሪዋ ወረቀቷ ላይ «ሰፊ» ብላ ጻፈች። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ስትሄድ ዶክተሩ ጋዜጣውን ጥሎ ተነሣ። ከላይዋ ሆኖ ወረቀቱን አየ። ፊዋን በጣቱ ነካት።

«እቺን ላላ አድርጊያት» አላት።

«እሺ ፕሮፌሰር» አለች በአክብሮት። ጎንበስ ብላ ጨመረችበት። እኔም ጠጋ ብዬ አነበብኩት። «ቤቱ ሰፊና ላላ ያለ ነው» ይላል።

ባሌ አፉን ከፈተ። ከየት እንደሚጀምር ሲያስብ አየሁት፤ ከፊዋ፣ ከሰፊው፣ ከብርዱ። አማቴ ወንበሯ ላይ ተመቻቸችና የኮቱን ጫፍ ያዝ አደረገችው።

«ተዋት ልጄ» አለችው። «የተማረ ሰው አይታረም።»